ከመዝገብ የቀረውን ልጅ ለትምህርት ማብቃት የማን ኃላፊነት ነው?

በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው እነዋሪ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው መሬት አብዛኛው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ውኃ ቋጥሮ እግር ይይዛል። ስንዴም ሆነ ምስር ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ ቢዘራ ሥሩ ይታፈናል፤ ቅጠሉም ይወይባል።

የአካባቢው ገበሬ ግን በዚህ ምክንያት መሬቱን ጦም አላሳደረም፤ ዘሩንም አልረገመም። ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ መደብና ፈሰስ በማበጀት ውኃውን ሲያጠነፍፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ፕሮጀክት ከተመረጡት የምርምር ሥፍራዎች አንዷ እነዋሪ የነበረች ሲሆን፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ ጉልበት መደብ የሚያወጣውና ገበሬው «ቢቢኤም» እያለ የሚጠራው መሣሪያም የዚያው ጥረት ውጤት ነው። ዘሩ ያው ዘር፣ አፈሩም ያው አፈር ነው። የተለወጠው የዘሩ አልጋ አዘገጃጀት ነው።

ይህን ማስታወስ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቀበሌው፣ ዛሬም በገጠሩ አነጋገር በየገበሬ ማኅበሩ፣ በትምህርት አቀባበላቸው ከእኩዮቻቸው የሚለዩ ልጆች አሉ። ብዙውን ጊዜ ስለ እነርሱ የሚሰጠው ፍርድ ግን ገበሬው ስለ መረሬው ከሰጠው ፍርድ የተለየ ነው። «ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ይባልና ከብት እንዲጠብቅ ይላካል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ ከቤት እንዳይወጣ ይደረጋል። መደቡ ሳይበጅ በዘሩ ላይ ይፈረዳል ማለት ነው።

ልጆቹ እነማን ናቸው?

በትምህርት ባለሙያዎች አነጋገር «አካቶ ትምህርት» የሚባለው ማንኛውም ልጅ፣ የአካል ወይም የአእምሮ ሁኔታው ምንም ይሁን ምን፣ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር የሚማርበት አሠራር ነው። አሠራሩ ዓይነ ስውራንንና መስማት የተሳናቸውን ይጨምራል። ከእነዚህ ሌላ ግን ጉዳታቸው በዓይን የማይታይ፣ በዚህም የተነሣ ብዙ የሚበደሉ ልጆች አሉ።

የመጀመሪያው ማንበብ የሚያስቸግረው ልጅ ነው። ይህ ልጅ በጨዋታ ፈጣን፣ በነገር አዋቂ ሊሆን ይችላል። የጎረቤቱን ከብት ሁሉ በመልክ ይለያል፤ የቱ ሰንጋ ለገበያ እንደደረሰ አይቶ ይናገራል። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ዛሬ ያወቀው ነገ ይጠፋዋል። የአማርኛ ፊደል 33 ዋና ቅርጾች በሰባት እየተባዙ 231 ይሆናሉ። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት በራሳቸው ላይ በተጨመረች ጭረት ብቻ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ደግሞ መልካቸው ሦስት ሆኖ ድምፃቸው አንድ ነው። ለአብዛኛው ልጅ ይህ የጥቂት ወራት ድካም ሲሆን፣ የፊደልን መልክ ከድምፁ ጋር ማጣመር ለሚያስቸግረው ልጅ ግን የዓመታት ትግል ነው። ይህ ችግር በሙያው አጠራር ዲስሌክሲያ ይባላል። ከስንፍናም ሆነ ከሞኝነት ጋር ግንኙነት የለውም።

ሁለተኛው አእምሮው ቀስ ብሎ የሚያድግ ልጅ ነው። ዘግይቶ ይናገራል፤ አንድን ነገር ለመልመድ ብዙ ጊዜ መደጋገም ያስፈልገዋል፤ ከለመደ በኋላ ግን ይሠራዋል። ሦስተኛው ኦቲዝም ያለበት ሲሆን፣ ከሰው ጋር በንግግርና በዓይን መግባባት ይከብደዋል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይታወካል። አራተኛው አንድ ቦታ መቀመጥና ሐሳቡን መሰብሰብ የማይችለው፣ በተለምዶ «ቀዥቃዣ» እየተባለ የሚገረፈው ነው።

ከእነዚህ ጋር ሊደባለቁ የማይገባቸው ደግሞ አሉ። ጆሮው በከፊል የማይሰማ፣ ዓይኑ ሰሌዳውን አጥርቶ የማያይ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ «አይገባውም» ሲባል ይገኛል። ለመጀመሪያው ከፊት ወንበር መቀመጥና ጆሮውን በጤና ጣቢያ መታየት፣ ለሁለተኛው መነጽር፣ ለሦስተኛው መድኃኒት ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። የሚጥል በሽታ በትንፋሽም ሆነ በአረፋ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ መታወቅ አለበት።

በሌላ በኩል ማንበብ ያቃተው ተማሪ ሁሉ የአቀባበል ልዩነት አለበት ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚያመለክተው በልጁ ላይ ከመፍረድ በፊት የማስተማሩን ሁኔታ መመርመር እንደሚገባ ነው።

ያልተጠየቀ አይቆጠርም

ልጆቹ ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአጠያየቁ ይወሰናል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ ሰው አንድ ያህል ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ የተቀመጠው ግምት ከመቶ 17.6 ደርሶ ነበር። በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት የተፈጠረው ጥያቄውም መለኪያውም ስለሚለያይ ነው።

ቆጣሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት አካለ ስንኩል ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወላጅ «የለም» ይላል። ነገሩ ከእርግማን ወይም ከቁጣ የመጣ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ቢታወቅ የእኅትየው ትዳር ይሰናከላል፣ ጎረቤት ይጠቋቆማል የሚል ፍርሃት አለ። ከዚህም ሌላ ማንበብ ያቃተው ልጅ በወላጁ ዓይን «ሕመምተኛ» አይደለም፤ ስለዚህ «የለም» የሚለው መልስ ለወላጁ ውሸት ሆኖ አይታየውም።

ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎችን አዘጋጅቷል። ጥያቄዎቹ የበሽታ ስም አያነሱም። የሚጠይቁት ሰውየው በማየት፣ በመስማት፣ በመራመድ ወይም ደረጃ በመውጣት፣ በማስታወስ ወይም ሐሳብን በመሰብሰብ፣ ራሱን በማጠብና በመልበስ፣ እንዲሁም ከሌላው ጋር በመግባባት ይቸገር እንደሆነ ነው። መልሱም «አይቸገርም»፣ «ጥቂት ይቸገራል»፣ «በጣም ይቸገራል» ወይም «ጨርሶ አይችልም» የሚል ነው። ለሕፃናት ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ሰፋ ያለ ዝርዝር ወጥቷል። በዚህኛው ዝርዝር ወላጅ የሚጠየቀው «ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ነገር መማር ይከብደዋል ወይ?» በሚል ዓይነት ነው።

ልዩነቱ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም «ልጅሽ አካለ ጎዶሎ ነው ወይ?» ተብላ ፊቷን የምታዞር እናት፣ «ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ የነገርሽውን ማስታወስ ይቸግረዋል ወይ?» ስትባል በልቧ የያዘችውን ለመናገር አትቸገርም።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 240 ሚሊዮን ያህል አካል ጉዳተኛ ልጆች አሉ፤ ይህም ከአሥር ልጆች አንዱ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ 400 ለትምህርት የደረሱ ልጆች ባሉበት ቀበሌ 40 ያህሉ ልዩ ትኩረት የሚሹ ሊሆኑ ይችላሉ። መዝገቡ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከተጻፉ፣ የቀሩት የት እንዳሉ መጠየቅ የመሪው ተግባር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች ተቀብለው እንዲያስተምሩ ተስማምተዋል። በዚያው ዓመት፣ ማለትም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አካል ጉዳተኞች እንደየችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ የሚል ዓላማ ነበረው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን በ2012 ተሻሽሏል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል።

እንግዲህ ትምህርት ቤት ልጁን ቢቀበለው ደግነት፣ ቢመልሰው ደግሞ መብቱ ነው የሚል አስተሳሰብ ከሕጉ ጋር አይሄድም።

አንዲት እናት የከፈቱት መንገድ

በአዲስ አበባ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው በተደጋጋሚ ሲመለስባቸው፣ ችግሩ የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑን በመረዳት እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በአገሪቱ ለኦቲዝም የተከፈተው የመጀመሪያው ማዕከል ይህ ነው። ወይዘሮ ዘሚ ከዚህ አልፈው በፊደላችን ድምፆች ላይ በመመሥረት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ በየቤቱ ተሸሽገው የነበሩ ልጆች ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አደባባይ እንዲወጡ ያደረጉት ጥረት ይታወሳል።

እንዲህ ያሉ ማዕከላት ግን በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች የሚገኙ ናቸው። የሞረትና ጅሩ ገበሬ ልጁን አዲስ አበባ አስቀምጦ ለማስተማር አቅም የለውም። ስለዚህ ለገጠሩ ልጅ በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ብቸኛው ዕድሉ ነው። እዚያ ከተመለሰ ሌላ የሚሄድበት የለም።

መደቡ እንዴት ይበጃል?

መምህሩ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ይዞ ይህን ሁሉ እንዴት ይችላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ብዙዎቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው።

በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀሁ ሲቆጥር፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ሲያነብ፣ ሦስተኛው ዳዊት ሲደግም ይውላል። ተማሪው ያለፈውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናዋል፤ የኔታ ደግሞ እያንዳንዱን በተራ ይሰማሉ። ዓይነ ስውራንም በቃል ተምረው ለመምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። ያ ትምህርት ዱላው ብዙ እንደነበር ባይካድም፣ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ ማድረግ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

በዛሬው ክፍል ውስጥም የሚከተለውን ማድረግ ይቻላል። የሚቸገረው ልጅ ከፊት፣ ከመምህሩ አጠገብ ይቀመጣል። ትእዛዝ አንድ ባንድ ይነገረዋል። ፊደሉ በአንድ ጊዜ 231 ሆኖ ሳይሆን፣ ልጁ ከሚያውቃቸው ቃላት በመነሣት ለ ከላም፣ በ ከበሬ፣ ም ከምስር ጋር እየተያያዘ ይሰጠዋል። በጣቱ በአመድ ወይም በአሸዋ ላይ ይጽፈዋል፤ በጭቃ ይሠራዋል። መደመርና መቀነስን በባቄላና በጠጠር ይማራል። ጎበዝ ተማሪ አብሮት ይመደባል። በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መጻፍ ያቃተው ደግሞ በቃል ይጠየቃል። ዱላና ስድብ ግን ምንም የሚጠቅሙት ነገር የለም። «ደደብ» የተባለ ልጅ ማንበብ አይለምድም፤ የሚለምደው ከትምህርት ቤት መቅረትን ነው።

በመምህራን ኮሌጆች የሚሠለጥኑ መምህራን ስለ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ኮርስ ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ አንድ ኮርስ ብቻውን በቂ ስላልሆነ፣ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ኃላፊዎችና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድጋፍ ሊደረግለት ይገባል። ድጋፉ እንዲደርሰው ደግሞ ችግሩ በጽሑፍ ተመዝግቦ መቅረብ አለበት፤ ይህም ቀደም ሲል ወደ ተወሳው ወደ መዝገቡ ጉዳይ ይመልሳል።

ከጉዳቱ በፊት

አንዳንዱን ጉዳት ከመድረሱ በፊት ማስቀረት ይቻላል። በደጋው አገር አፈሩ በዝናብ እየታጠበ አዮዲን ስለሚያንሰው፣ እንቅርት የተለመደ በሽታ ሆኖ ኖሯል። በአንገት ላይ ከሚታየው እንቅርት ይልቅ የሚያስፈራው ግን የማይታየው ጉዳት ነው፤ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካነሳት የፅንሱ የአእምሮ እድገት ይጎዳል። በአገሪቱ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን፣ በ2016 በተካሄደ ጥናት ከመቶ ቤተሰብ 89 ያህሉ አዮዲን ያለበት ጨው ሲጠቀም ተገኝቷል። ጨውን ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ይረዳል።

እንዲሁም በጤና ተቋም መውለድ በምጥ ጊዜ በሚደርስ መታፈን የሚመጣውን የአንጎል ጉዳት ይቀንሳል፤ የኩፍኝና የሌሎች በሽታዎች ክትባትም ሕፃኑን ይጠብቃል። ሕፃን በዘጠነኛው ወር ያለ ድጋፍ ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልሄደ፣ ወይም ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማሳየት ያስፈልጋል። «አድጎ ይተወዋል» እያሉ መቆየት ጊዜውን ያባክናል።

የመሪዎቹ ድርሻ

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ተማሪውን የማሰባሰብና የመማሪያ ዳስ የመሥራት ሸክም የወደቀው በገበሬ ማኅበራት ላይ ነበር። የዚያ ጊዜ ጉዳይ ፊደል ያልቆጠረውን አዋቂ ወደ ዳሱ ማምጣት ነበር፤ የዛሬው ጉዳይ በየቤቱ ጓዳ የቀረውን ልጅ ማምጣት ነው። ልምዱ ግን ያው ነው።

አንደኛ፣ ከመስከረም በፊት ለትምህርት የደረሱ ልጆች ሲመዘገቡ፣ መዝጋቢው ስለ ልጁ ችግር ከላይ በተገለጹት ጥያቄዎች ዓይነት እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ቦታ ከሌለ በጀርባው ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እንዲሁም የወላጅ፣ መምህራንና ተማሪ ኅብረት በሚሰበሰቡበት ጊዜ «ካለፈው ዓመት ማን ቀረ? ለምን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ በአጀንዳ ሊያዝ ይገባል። ለትምህርት ቤቱ ከሚመጣው ድጎማ ላይ ለእነዚህ ልጆች ምን እንደተመደበ መጠየቅም የአባላቱ መብት ነው።

ሦስተኛ፣ ለመንገድና ለእርከን ሥራ የሚወጣው የሕዝብ ጉልበት በአንድ ቀን ውሎ ለትምህርት ቤቱ መወጣጫ ይሠራል፤ ጨለማ በሆነው ክፍል መስኮት ይከፍታል፤ የመጸዳጃ ቤቱን በር ያሰፋል።

አራተኛ፣ በዕድርም ሆነ በሰንበቴ መሪው የሚናገረው ቃል ክብደት አለው። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ባሉበት «ይህ እርግማን አይደለም፤ ልጁም ይማራል» ብሎ አንድ ጊዜ መናገር፣ ልጅዋን የሸሸገችውን እናት ከሐፍረት ያላቅቃል። የራሱ ልጅ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት መሪ ካለ ደግሞ፣ በመጀመሪያ የሚያስመዘግበው እርሱ ቢሆን ሌላው ይከተላል።

አምስተኛው ከወቅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት ቶሎ የሚመለሰው ጎበዙ ተማሪ ነው። ቀድሞም በመከራ ሁለት ፊደል የያዘው ልጅ ግን የያዘውን ረስቶ፣ ዕድሜውም ገፍቶ፣ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ ካልተፈለገ በቀር አይመለስም። ስለዚህ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ስሙ ተጽፎ፣ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ሊጠራ ይገባል።

ማንበብ የተሳነው ልጅ ነገ ገበሬ ይሆናል። የፀረ አረም መድኃኒቱን መጠን፣ የማዳበሪያውን ደረሰኝ፣ የብድሩን ውል ሌላ ሰው ያነብለታል፤ አንባቢው ባጭበረበረው ጊዜም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቀስ ብሎም ቢሆን ማንበብና ማስላት የቻለው ግን ለራሱ ይቆማል። ሁሉም ልጅ እኩል ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ራሱን ችሎ መልበስን፣ ገንዘብ መለየትንና ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራትን የተማረ ልጅም ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው።

የእነዋሪ ገበሬ መረሬውን «የማይሆን መሬት» ብሎ ቢተወው ኖሮ፣ ጅሩ ዛሬ በስንዴና በምስር ባልታወቀ ነበር። መደቡ የተበጀው በብዙ እጅ፣ የሴቶችና የልጆች እጅ ሳይቀር ተጨምሮበት ነው። በትምህርት አቀባበሉ ለሚለየው ልጅም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሥራውም የሚጀመረው ስሙን መዝገብ ላይ ከመጻፍ ነው።